የከዋክብት ምሽት ጅማ ላይ፦ ቀን፣ ሰልፍና የሚነፋ ፕላኔታሪየም

የክበቡ አስተባባሪ
ጤና ይስጥልኝ። ጥር ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የሰማይ ምልከታ ምሽት ልናዘጋጅ ነው፤ 200 ሰው ገደማ ይመጣል። ያለን 8 ኢንች ዶብሶኒያን፣ ማለትም በእጅ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞር ባለመስታወት ቴሌስኮፕ (የትኩረት ርዝመቱ 1,200 ሚ.ሜ.፣ የዓይን ሌንሶቹ 25 እና 10 ሚ.ሜ.)፣ ኢኳቶሪያል መቆሚያ (ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ተቀንቶ የከዋክብትን ጉዞ የሚከተል) ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ እንዲሁም በውሰት የሚመጣ 5 ሜትር የሚነፋ የፕላኔታሪየም (የሰማይ ምስል ማሳያ) ድንኳን ነው። የትኛው ቀን ይሻላል? ሰልፉንስ እንዴት እናስተናግደው?

ደቡብ መስቀል
መምህር፣ ቀኑን በጨረቃ ይቁረጡ። የሂጅራ ወር በገባ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ግማሽ ጨረቃ ናት፤ በብርሃንና በጨለማው ድንበር ላይ ጥላው ረጅም ስለሆነ ጉድጓዶቹ ጎልተው ይታያሉ። ሙሉ ጨረቃ ላይ ጥላ የለም፣ ከዋክብቱም ይደበዝዛሉ።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ያስቡበት። ጥር ላይ ግማሽ ጨረቃ ጀምበር ስትጠልቅ ጅማ ላይ አናት ላይ ነች። ዶብሶኒያን ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ወደ ጎን ማዞር አይቻልም፤ ቱቦው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ጨረቃዋን አይከተልም። 2:30 ላይ ይጀምሩ። ያን ጊዜ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ወርዳለች፣ የኢሻ ሰላትም አልቋል፣ ማንም አይቀርም።

ጨረቃን በ25 ሚ.ሜ. ብቻ ያሳዩ፤ 48 እጥፍ ያጎላል፣ ሙሉ ክቧም ይገባል። አንድ ነገር ሌንሱን አቋርጦ ለመውጣት 4 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ለአንድ ሰው 30 ሰከንድ ከሰጡ በየአራት ሰው ማስተካከል ይበቃል። በ10 ሚ.ሜ. ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። 200 ሰው በ30 ሰከንድ 100 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ከፊሉ ሰው በየተራ ወደ ድንኳኑ ይግባ። ለልጆች ጠንካራ በርጩማ አስቀምጡ፤ ከሌለ ቱቦውን ይዘው ይንጠለጠላሉ።

ጤዛ ጠባቂ
የኢኳቶሪያሉ ነገር እንዳይረሳ። ጅማ 7.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ በዚያው 7.7 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ዛፍ ወይም ኮረብታ ይጋርደዋል። ብዙ ትናንሽ መቆሚያዎችም እስከዚያ ዝቅ ሲደረጉ የሚዛን ክብደቱ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ዘንጉን በኮምፓስ ወደ ሰሜን አቅኑት፣ ከሞላ ጎደል አጋድሙት፤ ለፕላኔት ይበቃል። ክብደቱ ከተጋጨ ትራይፖዱን ትንሽ አዙሩት።

ጤዛው ነው ዋናው ጠላት። ረግረጋማው ቦዬ አካባቢ ቶሎ ይወርዳል፤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይሻላል። መጀመሪያ የሚጨልሙት ፋይንደሩ (ማነጣጠሪያው ትንሽ መነጽር)፣ የዓይን ሌንሱና ትንሹ መስታወት ናቸው። የስፖንጅ ፍራሽ ቆርጣችሁ ከቱቦው አፍ 30 ሳ.ሜ. እንዲያልፍ ጠቅልሉት። ትርፍ ሌንሱን ኪስ ውስጥ አቆዩት። ጤዛ ከያዘ በፀጉር ማድረቂያ ዝቅተኛ ሙቀት ከሩቅ ንፉበት። በነጠላ ጫፍ ወይም በመሐረብ መጥረግ አይሞከር፣ ቅቡ ይጫራል።

ቴሌስኮፑ ከመመልከቻው 45 ደቂቃ ቀድሞ ውጭ ይውጣ፤ መስታወቱ ካልቀዘቀዘ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ፋይንደሩን ቀን ላይ በሩቅ አንቴና አስተካክሉ፣ ፀሐይ ወዳለችበት አቅጣጫ ግን በፍጹም አታዙሩት።

ጉልላት
ስለ ድንኳኑ፦ 5 ሜትሩ መሬት ላይ የተቀመጡ 25 ልጆች ይይዛል። ማራገቢያው ከቆመ ቀስ እያለ ይተኛል፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ ወስኑ። በር ላይ ባትሪ የያዘ አንድ ሰው ይቁም፣ ዚፑም በቀላሉ ይከፈት። ጄኔሬተር ካላችሁ ከድንኳኑና ከቴሌስኮፑ ራቅ አድርጉት፤ ጭሱም ንዝረቱም ይረብሻል።

ስቴላሪየም ሰማዩን በኮምፒውተር የሚያሳይ፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ቀድማችሁ ላፕቶፑ ላይ ጫኑት፣ ቦታውን ጅማ አድርጉት፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ተራ ፕሮጀክተር ቀጥታ ጉልላቱ ላይ ከተለቀቀ ግን ከዋክብቱ ይጣመማሉ። ፊሽአይ (በጣም ሰፊ እይታ ያለው) ሌንስ ወይም ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ለመስታወቱ የሚሆን ማስተካከያ አለው። ትርኢቱ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፣ ውስጡ ይሞቃል። ኦሪዮንንና ሰባቱን ከዋክብት አሳይታችሁ አስወጧቸው፤ ወዲያው ውጭ በዓይናቸው ይፈልጓቸዋል።

የክበቡ አስተባባሪ
እግዜር ይስጥልኝ። ቀይ ብርሃንስ ግድ ነው?

ደቡብ መስቀል
ለጨረቃ ግድ አይደለም። ለኦሪዮን ኔቡላ (በኦሪዮን ውስጥ ላለው ደብዛዛ የጋዝ ደመና) ግን አዎ፤ ዓይን ጨለማን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ የስልክ ባትሪ ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል። የአስተባባሪዎቹን ባትሪዎች በቀይ ላስቲክ ሸፍኑ።