የሎፎተን ዓሣ ያለ ጨው እንዴት ይደርቃል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ቋንጣ ስንሰቅል ጨውና በርበሬ እናሸዋለን። ሰሜን ኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ላይ ግን ኮድ የሚባል የባሕር ዓሣ ያለ ቅንጣት ጨው ለወራት ደጅ ተሰቅሎ ይደርቃል አሉ። ለምን አይበሰብስም? ቦታው ከአርክቲክ ክበብ በላይ ሆኖስ እንዴት በረዶ አይሆንም?

መልስ 1፦
ዋናው ነገር አየሩ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቅ ያለ የባሕር ጅረት ደሴቶቹን ስለሚያለዝብ ከየካቲት ጀምሮ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይዋልላል። በዚያ ብርድ ባክቴሪያ እምብዛም አይራባም፤ ነፋሱ ደግሞ እርጥበቱን ይመጥጣል። ብርዱ ከጠናና ዓሣው ገና እርጥብ ከሆነ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሥጋውን ይሰነጥቀዋል፤ ሲደርቅ ስፖንጅ ይመስላል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ቶሎ ከሞቀ ደግሞ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ነፋስ የሌለበት ረጅም ዝናብ ሻጋታ ያመጣል።

መልስ 2፦
አየሩ ብቻውን አይበቃም፣ ወንድሜ፤ እጅም ይጠይቃል። ዓሣው ስክሬይ ይባላል፤ በክረምት ከኖርዌይ በስተሰሜን ካለው ባረንትስ ባሕር ሎፎተን ድረስ እንቁላል ሊጥል ይመጣል። እንደተያዘ ደሙ ካልፈሰሰ ሥጋው ይጠቁራል። ከዚያ ጭንቅላቱ ይቆረጣል፣ ሆዱ ይጸዳል፣ በደንብ ይታጠባል። እኩያ እኩያው ሁለት ሁለት እየሆነ ጭራው በሲባጎ ታስሮ በእንጨት መስቀያው ላይ ይንጠለጠላል። ዓሣና ዓሣ ከተጣበቁ ነፋስ አያገኛቸውም፤ መበላሸት የሚጀምረውም እዚያው ነው። በግንቦት ወይም በሰኔ ይወርድና ነፋሻ መጋዘን ውስጥ ጥቂት ወራት ይቆያል። 5 ኪሎ የነበረው ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል።

መልስ 3፦
ንግዱም የዋዛ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖርዌይ ንጉሥ ኦይስታይን ሎፎተን ውስጥ ቮጋን ላይ ለአጥማጆች ማደሪያ ጎጆዎች አሠራ። ኋላም ሃንሳ የተባለው የጀርመን ከተሞች ማኅበር ነጋዴዎች ዓሣውን ከኖርዌይ ወደብ ከበርገን ወደ አውሮፓ ይጭኑት ነበር። መርከቡ የተሰበረበት የቬኒስ ነጋዴ ፒየትሮ ኩዌሪኒ እ.ኤ.አ. በ1432 ከባልደረቦቹ ጋር እዚያው ሎፎተን ሮስት ደሴት ላይ ከርሞ ዓሣውን ለአገሩ ሰዎች አስተዋወቀ፤ ዛሬም ጣሊያን ትልቋ ገዢ ናት። የደረቀው ጭንቅላት በብዛት የሚሄደው ናይጄሪያ ነው፤ እዚያ ለሾርባ ይፈለጋል። ደረጃ አውጪው እያንዳንዱን ዓሣ በዓይኑ መርምሮ፣ በእጁ ዳስሶ፣ አሽትቶ ነው የሚለየው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለመብላትስ እንዴት ይለሰልሳል?

መልስ 2፦
ሙሉውን ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሳምንት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ተቆራርጦ ከሆነ ያነሰ ይበቃዋል። ውሃውን በየቀኑ ቀይር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም አኑረው። አንዴ ከራሰ እንደ ትኩስ ዓሣ ነው፤ ክፍል ውስጥ ብትተወው ይሸታል።