ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ጎልፍ ተመለስኩ፤ ኳሴ ግን እየታጠፈች ጫካ ትገባለች

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያው

ሰላም ለሁላችሁ። ጎልፍ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፤ አንድ የሥራ አለቃዬ ኦልድ ኤርፖርት ወዳለው ክለብ እየወሰደ አስለመደኝ። ጎበዝ ነበርኩ አልልም፤ ኳሴ የት እንደምትወድቅ ግን አውቅ ነበር። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ከመጣሁ በኋላ ሥራው፣ ልጆቹና የቤቱ ዕዳ ተደራረቡና 12 ዓመት ሙሉ ዱላ ሳልይዝ ቆየሁ። ትልቁ ልጄ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የራሴ ስለሆነች ያገለገለ ድራይቨር፣ ያንን ሩቅ መምቻ ረጅም ዱላ፣ ገዝቼ ተመለስኩ።

ችግሬ ይህ ነው። በድራይቨር የምመታት ኳስ ትንሽ ወደ ግራ ብላ ትነሳና መንገድ ላይ እንደ ማጭድ ታጥፋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ባለፈው ቅዳሜ 18 ጉድጓድ ስጫወት 9 ኳስ ጠፍቶብኛል። አስቀድሜ ወደ ግራ ሳነጣጥር ደግሞ ጭራሽ ይብስባታል። ይበልጥ የሚያስገርመኝ በአጫጭሮቹ አይረኖች፣ ማለትም በብረት ራሶቹ ዱላዎች፣ የምመታት ኳስ አለመታጠፏ ነው። በ9 ቁጥሩ የምመታት ቀጥ ብላ ወደ ግራ ነው የምትሄደው። አንዱ ዱላ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ!

ቀኝ እጅ ተጫዋች ነኝ፤ ዕድሜዬ 51 ነው። ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር አንዱ ክርንህን ሰብስብ፣ ሌላው ዳሌህን አዙር ይለኛል። በቁሜ ግራ ተጋብቻለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቀልደኛው

እንኳን ወደ ብዙኃኑ በደህና ተቀላቀልህ! እኔ የምመክርህ እንዳትነካው ነው። ብሩስ ሊትስኪ የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ነበር፤ ልምምድ የማይወድ፣ ኳሱ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ። የዓመቱ ውድድር ሲያበቃለት እረፍት ላይ ዱላ እንደማይነካ ለካዲው፣ ለዱላ ተሸካሚው፣ ነገረው። ካዲው አላመነውምና ድራይቨሩ መሸፈኛ ውስጥ ሙዝ ደበቀ። ከወራት በኋላ ለአዲሱ ዓመት ውድድር ሲገናኙ ሙዙ እዚያው በስብሶ ተገኘ። ይህ ሰው በፒጂኤ ቱር፣ በአሜሪካ ባለሙያዎች ውድድር፣ 13 ጊዜ አሸንፏል። ወደ ግራ አነጣጥር፣ ምታ፣ ቡናህን ጠጣ።

መልስ፦ የመለማመጃ ሜዳው ሰው

የሙዙ ታሪክ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ሰው ያስታል። ሊትስኪ ኳሱ የምትታጠፈው በመጠኑ ነው፤ ዛሬም ነገም በዚያው ልክ። እንዲህ ያለውን ፌድ እንለዋለን፤ ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች ፈልገው ያመጡታል። የአንተ ግን አንዴ 20 ያርድ፣ አንዴ 60 ያርድ ይታጠፋል። ለእንዲህ ያለ ኳስ የት ይነጣጠርለታል?

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ድራይቨሩና 9 ቁጥሩ ተቃራኒ በሽታ ያለባቸው ይመስልሃል እንጂ በሽታው አንድ ነው። ዱላው ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ሁለት ነገሮችን ለይተህ እያቸው። አንደኛው የዱላው ፊት ወዴት እንደሚያይ፣ ሁለተኛው የዱላው ራስ ወዴት እየተጓዘ እንደሆነ። ኳሷ የምትነሳው በአብዛኛው ፊቱ ወደሚያይበት ነው፤ በድራይቨር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የፊቱ ሥራ ነው። የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱና ጉዞው ስለማይስማሙ ነው። ድሮ አሰልጣኞች ኳስ የምትነሳው በጉዞው አቅጣጫ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ኳስ የሚከታተሉት የራዳር መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ተገላቢጦሹ እንደሆነ ታይቷል።

ያንተን ኳስ በዚህ እናንብባት። ትንሽ ወደ ግራ ትነሳለች፤ ስለዚህ የዱላው ፊት ትንሽ ወደ ግራ ያያል። ከዚያ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ስለዚህ የዱላው ጉዞ ከፊቱም በላይ ወደ ግራ ነው። እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከሰውነትህ ራቅ ካለው ወገን ወደ ራስህ፣ እየቆረጥክ ነው። 9 ቁጥሩም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ነገር ግን ፊቱ በጣም የተጋደመ ስለሆነ ኳሷ ወደ ኋላ በብርቱ ትሽከረከራለች፤ የጎን ዝንባሌው ይዋጥና መታጠፍ ትታ በተነሳችበት ወደ ግራ ትሄዳለች። ወደ ግራ ስታነጣጥር ለምን እንደሚብስ ገባህ? ትከሻህን ወደ ግራ ባዞርክ ቁጥር ጉዞውን ራሱ ይበልጥ ወደ ግራ ትወስደዋለህ።

ሌላ ነገር ከመቀየርህ በፊት ግን አንድ ፈተና አድርግ። ከመድኃኒት ቤት ለእግር ላብ የሚረጨውን ነጭ ዱቄት ግዛ፤ የድራይቨሩን ፊት ርጨውና 10 ኳስ ምታ። ኳሷ የነካችው ቦታ ላይ ምልክት ይቀራል። ከመሐል ወደ ተረከዙ፣ ማለትም ወደ ዘንጉ መጋጠሚያ ከቀረበ፣ መታጠፉን የሚያብሰው እሱ ነው። ተረከዙ ሲመታ የዱላው ራስ ይዞርና ኳሷን እንደ ተጋጠመ ጥርስ ያለው ጎማ በተቃራኒው ያሽከረክራታል። እግረ መንገድህን ዱላውን ስትይዝ የግራ እጅህን ስንት የጣት አንጓ እንደምታይ ቁጠርና ንገረን።

ጠያቂው፦

ዛሬ ከሥራ በኋላ ሞከርኩት። ከ10 ኳስ 7ቱ ወደ ተረከዙ ቀርበዋል፤ ሁለቱ መሐል ናቸው፤ አንዷን ጨርሶ ስቼ ሣር ነው የመታሁት። የግራ እጄ አንጓ ደግሞ የሚታየኝ አንድ ብቻ ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እንደምውልም ልንገራችሁ፤ ምናልባት ይረዳችሁ ይሆናል።

መልስ፦ የቀድሞው ካዲ

አንድ አንጓ? በቃ፣ ተገኘ! እኔ በልጅነቴ የሰው ዱላ ተሸክሜ ነው ጎልፍን ያወቅኩት። ወደ ቀኝ የሚያጥፍ ሰው ሲመጣ አቋሙን ሳላይ በፊት እጁን ነበር የማየው።

ወንድሜ ከላይ ስለ ጉዞው የተናገረው ልክ ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ያ ጉዞ እንዲያው አልተበላሸም። እጅህ ዱላውን ደካማ አድርጎ ሲይዘው ፊቱ ተከፍቶ ይመጣል፤ ተከፍቶ ሲመጣ ኳሷ ወደ ቀኝ እንደምትሄድ ሰውነትህ ያውቃል፤ ስለዚህ ሳታዘው ወደ ግራ ይጎትትልሃል። ሰውነትህ እያዳነህ ነው። ፊቱን ሳታስተካክል ጉዞውን ብቻ ብታቀና ኳስህ ከመነሻዋ ጀምሮ ወደ ቀኝ ትበራለች።

ግራ እጅህን እንዲህ አድርግ። እጀታው በመዳፍህ መሐል አይለፍ፤ በጣቶችህ ሥር ይተኛ። ከዚያ እጅህን ወደ ቀኝ አዙረህ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል አንጓ እስኪታይህ አምጣው። በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ያለው መስመር ወደ ቀኝ ትከሻህ ያይ። ቀኝ እጅህም ከላይ አይጫን፤ ከጎን ይምጣ። ስታጠብቅ ደግሞ የጀበና አንገት ይዘህ ቡና እንደምትቀዳ ይሁን፤ አይወድቅብህም፣ አታንቀውምም።

እውነቱን ልንገርህ፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስልሃል። ሁለት ሳምንት ያስጠላሃል። አንዳንድ ኳስም ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ ደንግጠህ ወደ አሮጌው አያያዝ እንዳትመለስ። ማታ ዜና ስትሰማ ዱላውን ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ። እኔ ያየኋቸው የተስተካከሉ ሰዎች ሁሉ በሜዳው ላይ ሳይሆን ቤታቸው ተቀምጠው ነው የተስተካከሉት።

መልስ፦ የመለማመጃ ሜዳው ሰው

እሺ፣ ካዲው ይቅደም፤ አንድ አንጓ መሆኑን ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። አያያዙ ከተለመደህ በኋላ ለጉዞው ይህን ጨምር። የድራይቨሩን መሸፈኛ ከኳሷ ማዶ፣ ከአንተ ራቅ ብሎ፣ ከዱላው ራስ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል አልፎ መሬት ላይ አስቀምጠው። ከውጭ እየቆረጥክ ከመጣህ መሸፈኛውን ትመታዋለህ፤ ሊቅ አያስፈልግህም፣ እሱ ይነግርሃል። የተረከዙንም ምት ያርመዋል።

ሁለተኛ፣ ቀኝ እግርህን አንድ ጫማ ያህል ወደ ኋላ ሳብና በግማሽ ኃይል 20 ኳስ ምታ። ስሜቱ ልጅ ሆነን ወንዝ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደምናንሸራትተው ነው፤ ክንድ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል። ኳሷም ከግራ ተረከዝህ ትይዩ ትሁን፤ ከዚያ ወደ ፊት ከወጣች ትከሻህ እሷን ፍለጋ ወደ ግራ ይዞራል። ለአቋምህ ደግሞ አንድ ዱላ በእግሮችህ ጫፍ መሬት ላይ አጋድመህ ተመልከት። ከላይ ያለው ወዳጃችን በመከረህ ልማድ ምክንያት ቀጥ ብለህ የቆምክ እየመሰለህ ወደ ግራ ቆመህ ታገኘዋለህ።

መልስ፦ መሐንዲሱ

ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ናት። እዚያ ላይ አየሩ ከዚህኛው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳስን የሚያጥፋት አየር ነው፤ አየር ሲሳሳ መታጠፉም ይቀንሳል። ስለዚህ ስላይሱ፣ ይህ ወደ ቀኝ መታጠፉ፣ ምናልባት ድሮም ነበረብህ፤ የአዲስ አበባ አየር ሸፍኖልህ ነው።

ርቀቱም እንዲሁ ነው። እዚያ 220 ያርድ ትሄድልህ የነበረች ኳስ ዕድሜህ ባይጨምር እንኳ እዚህ 200 ብትሄድ ነው። ያን የድሮ ርቀት ለማምጣት ከላይ ጀምረህ በኃይል የምትገርፍ ከሆነ ትከሻህ ቀድሞ ይከፈትና ያው መቁረጥ ይመጣል። ርቀቱን እርሳው፤ እዚያው ቀርቷል።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስቷ

ጋሼ፣ ስለ ጎልፍ እነሱ ይበልጡኛል፤ ስለ ወገብዎ ግን እኔ ልናገር። ለዓመታት መሪ ይዞ የተቀመጠ ሰው ደረቱም ዳሌው መገጣጠሚያም መዞር ይረሳሉ። ደረት አልዞር ሲል ክንድ ብቻውን ወደ ላይ ይነሳል፤ ከላይ ደግሞ የሚወርድበት መንገድ የለውም፣ ወደ ውጭ ይወጣና ይቆርጣል። ምንም ያህል ምክር ቢሰሙ ያልተፈታ ደረት አይታዘዝዎትም።

ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ይያዙ፤ ዱላውን ደረትዎ ላይ በአግድም አቅፈው ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ይዙሩ፣ ሦስት ሰከንድ ይቆዩ፣ ወደ ግራ ይድገሙ። በየጎኑ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከመኪና እንደወረዱ ወዲያው ድራይቨር አይምቱ፤ በአጭር ዱላ ይጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በአንድ ጊዜ ከ40 ኳስ አይለፉ። ከረጅም እረፍት የተመለሰ ሰው ክርኑን የሚያመው የኳስ ባልዲውን ካልጨረስኩ ሲል ነው። ወገብዎ ላይ ተነስቶ ወደ እግርዎ የሚወርድ ሕመም ካለ ግን ልምምዱን ትተው ሐኪም ያማክሩ።

መልስ፦ ዱላ ሻጩ

የድራይቨሩ ፊት ስንት ዲግሪ የተጋደመ ነው?

ጠያቂው፦

9 ይላል። ዘንጉም ጠንካራው ዓይነት ነው። ርካሽ ስለነበር ነው።

መልስ፦ ዱላ ሻጩ

እንግዲህ ሥራዬ መሸጥ ቢሆንም አዲስ ግዛ አልልህም። ፊቱ 9 ዲግሪ የሆነ ዱላ ስላይስን አይምርም፤ ለአንተ 10.5 ወይም 12 ይሻላል። መጀመሪያ ግን አንገቱ ላይ ብሎን እንዳለው ተመልከት። ካለው በመፍቻው ዲግሪውን ከፍ አድርገው፤ በብዙዎቹ ዱላዎች ዲግሪው ሲጨምር ፊቱም ጥቂት ይዘጋል። ቲውንም፣ ኳሷ የምትቀመጥባትን ችካል፣ ከፍ አድርገህ የኳሷ ግማሽ ከድራይቨሩ አናት በላይ እንዲታይ አድርግ፤ ዝቅ ያለ ቲ ሰውን ወደ መፍለጥ ይወስደዋል።

ጠያቂው፦ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

አያያዙ ካዲው እንዳለው በጣም አስጠላኝ። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ዱላ ይዤ ስቀመጥ እያየች ሌባ ትጠብቃለህ ወይ ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ አንዲት ኳስ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ሳላስበው ጮህኩ። በሕይወቴ ወደ ግራ የታጠፈች ኳስ መትቼ አላውቅም ነበር። መሸፈኛውን በመጀመሪያው ቀን 14 ጊዜ መታሁት፤ አሁን ከ20 ኳስ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብነካው ነው። ብሎኑን ወደ 10.5 አዙሬዋለሁ። የወንበሩ እንቅስቃሴ መንገደኛ ስጠብቅ መኪና ውስጥም ይሠራል፤ ያለ ዱላ ቢሆንም።

ትናንት 18 ጉድጓድ ተጫውቼ ሦስት ኳስ ነው የጠፋብኝ። ከሦስቱ ሁለቱ የጠፉት መጨረሻ ላይ ደክሞኝ በኃይል ስመታ ነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ 9 ቁጥሩ አሁንም ትንሽ ወደ ግራ ይላል። ልንካው?

መልስ፦ የቀድሞው ካዲ

አትንካው። አያያዝህ ስለተለወጠ 9 ቁጥሩ ወደ ግራ ማለቱ አይቀርም፤ ኳሷን ግማሽ ኳስ ያህል ወደ ኋላ፣ ወደ መሐል አምጣትና አንድ ወር ጠብቅ። ድካም ሲመጣ ደግሞ ድራይቨሩን ትተህ ከእሱ አጠር በሚለው በ3 ቁጥር እንጨቱ ጀምር።

መልስ፦ ቀልደኛው

ሁላችሁም ሙዙን አስጥላችሁ ሰውየውን ወሰዳችሁት። ለማንኛውም እኔ አሁንም በቀኝ በኩል ጫካ ውስጥ ነኝ። እነዚያ የጠፉብህ 9 ኳሶች ላይ ታትሞ የነበረው ቁጥር ስንት ነበር?