የሰባቱ ድመቶች ዕቅድ፦ ዓርብ ይገባል

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አንብቡና ሐሳብ ስጡ። እንደ አምናው ክረምት በመጨረሻ ሰዓት አታሯሩጡኝ። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ የተገኘባቸው ሰባት ድመቶች አሉን። ሌላ ድመት የሌለበት ቤት እንፈልግላቸዋለን። የሚወስዳቸው ሰው ከቤት ላያስወጣቸው ይፈርማል። ቫይረሱ እንዳለባቸው እንዲታወቅ አንገታቸው ላይ ጥቁር ክር ይታሰራል። በጀቱ ለምርመራ፣ ለማምከንና ለምግብ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለን 18,400 ብር ነው። የሽቦ ሳጥኖቹ ዕዳ አልተከፈለም። እሱን ሳትቀንሱ በጀት አትጻፉ።

ከአዘዞ፦ ጥቁር ክር? በሰማንያ ቀኔ የታሰረልኝን ማተብ ድመት አንገት ላይ ላየው ነው? እንዲህ ሆኖ ከገባ ስሜን አውጡት።

ከማራኪ፦ እትዬ፣ ክር እኮ ክር ነው። ካልሆነ ሰማያዊ ይሁን።

ከአዘዞ፦ ሰማያዊ ማተብ የለም ያለሽ ማን ነው? ልጅሽን ክርስትና ስታስነሺ ምን አሰርሽለት?

ከአዲስ ዓለም፦ እኛ ሰፈር ደግሞ ክታብ ይመስላቸዋል። ድመት በእስልምና ንጹሕ ናት፣ ማንም አይነካትም። ክታብ ያሰረች ድመት ካዩ ግን አንድ ሰው ድግምት አሠርቷል ይባላል። ወሬው እኛው ላይ ነው የሚያርፈው።

ከማራኪ፦ ቀይ ሪባንስ?

ከአዲስ ዓለም፦ ቀይማ ይብሳል።

ሐኪሟ፦ ክሩን ለአፍታ ተዉት። ረቂቁ «አንድ ጊዜ ይመረመራሉ» ይላል፣ ይህ ስሕተት ነው። ገና የተያዘች ድመት ነጻ ናት ሊባል ይችላል። ቫይረሱ አለባት የተባለችውም በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለባት። ቢያንስ ከ1 ወር በኋላ ይደገም። ቤት የሚሰጡ ሰዎችም ይወቁት። ሲላላሱ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲናከሱ በምራቅ ይተላለፋል። እናትም ለግልገሎቿ ታስተላልፋለች። ሰውንና ውሻን አይዝም። ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፣ ሳሙና ይገድለዋል። ክትባት አለ፣ ለተያዘችው ግን አይረዳትም። የሚያድን መድኃኒት የለም። ተጠብቃ የተያዘች ድመት ግን ዓመታት ትኖራለች።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ጊዜ ምርመራ ማለት የሁለት ጊዜ ብር ነው። ሰሞኑን የመጣ በሽታ ለእኛ ብቻ ነው እንዴ የታየን?

ሐኪሟ፦ የሰሞኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ግላስጎው ውስጥ እነ ዊልያም ጃሬት ናቸው ያገኙት። እዚህ ስላልተመረመረ ነው የማናየው።

ከአዘዞ፦ ክሩስ?

ከማራኪ፦ አሁንም ክር! ሰባቱን ጠዋት ማታ የማበላ እኔ ነኝ። አንድ ቀን መጥተው አይተዋል?

ከአዘዞ፦ አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ። ነጯን በዝናብ ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ያወጣሁ እኔ ነኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው ያመጣኋት።

ከማራኪ፦ እሱማ እውነት ነው። ይቅርታ እትዬ። ሌሊት ስላልተኛሁ ነው።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ አንቱን የሚያስቀይም ነገር አይገባም። ክሩ ወጥቷል። የጆሯቸው ጫፍ ቢቆረጥስ?

ሐኪሟ፦ አይሆንም። እሱ የመከነች ድመት ምልክት ነው። ደግሞስ ከቤት ካልወጣች ምልክቱ ለማን ነው?

ከቅዳሜ ገበያ፦ ዛሬ ነው ያነበብኩት። እህል ነጋዴዎቹን አነጋግሬያለሁ። መጋዘኑን አይጥ ጨርሶባቸዋል። ድመት ካመጣችሁ እናዋጣለን ብለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይኼ ነው ዕቅድ! የሳጥኑም ዕዳ ይዘጋል።

ሐኪሟ፦ የታመሙትን ከሆነ አልስማማም። የመጋዘን በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ወጥተው ይናከሳሉ፣ ጤነኞቹንም ያስይዛሉ። የአይጥ መርዝም አለ።

ከቅዳሜ ገበያ፦ ጤነኞቹን እንስጣቸዋ። ከአራዳ ሰብስበን፣ አምክነን።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። ለማምከኑ ለዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ርዕሱንም ቀይሬዋለሁ፦ «ለእህል መጋዘኖች ድመት ማቅረብና የታመሙ ድመቶች እንክብካቤ»።

ከማራኪ፦ የታመሙት ወደ ኋላ ሄዱ ማለት ነው። ቤት የሚለው ቃል የታለ?

ጸሐፊ፦ እንክብካቤ ውስጥ አለ።

ከማራኪ፦ የለም። ሁለቴ አነበብኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ነጋዴዎቹ ስንት ነው የሚያዋጡት? በጽሑፍ ይምጣ።

ከቅዳሜ ገበያ፦ ቅዳሜ እነግራችኋለሁ።

ጸሐፊ፦ ዓርብ ነው የሚገባው!

ከአዲስ ዓለም፦ ድመቶቹን በመኪናዬ አመላልሳለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሣም። ሁለት ሳጥን እሱ ጋ ነው።

ከአዘዞ፦ ነጯን እኔ እወስዳታለሁ። ሌላ ድመት የለኝም። በሬንም እዘጋለሁ።

ከማራኪ፦ እትዬ፣ ነጯ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። ድዷ ነጥቷል። አሁን ሐኪሟ ጋ የሚያደርሰን መኪና ያለው ማን ነው?