ለሱዳን ቃል የተገባው ብር የት ደረሰ?

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)
ሰላም ቤተሰብ። የካቲት 7 ቀን 2017 እዚሁ አዲስ አበባ ለሱዳን ሕዝብ የእርዳታ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ኤምሬትስ 200 ሚሊዮን ዶላር፣ የኛ መንግሥት ደግሞ 15 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ሱዳናዊት አለች፣ እናቷ ኦምዱርማን ናቸው፤ በደወለች ቁጥር የሚያወሩት ስለ ዱቄት ዋጋ ነው። ይሄ ሁሉ ብር ለእንደሳቸው ዓይነት ሰው የሚደርሰው በምን በኩል ነው? የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።

መልስ (ከካዛንቺስ)
ወንድሜ፣ እኔ የእርዳታ ጭነት ላይ ነው የምሠራው። ስብሰባ ላይ የተነገረ ብር ገና ቃል ነው። ሲለቀቅ አብዛኛው እንደ ዓለም ምግብ ፕሮግራም ባሉት በኩል እህል ሆኖ ይሄዳል። ትልቁ ጣጣ መንገዱ ነው። ከቻድ ወደ ዳርፉር የሚያስገባውን የአድሬን በር የሱዳን ጦር መንግሥት ዘግቶት ከርሞ የከፈተው ነሐሴ 2016 ነው፣ ያውም መኪና ጭቃ ውስጥ በሚሰምጥበት ክረምት። የዳርፉሯን ከተማ ኤል ፋሽርን ደግሞ ከጦሩ ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ከ500 ቀን በላይ ከቦ ያዛት። ሰው የለውዝ ፋጉሎ በላ፣ የከብት መኖውን። እህል ጠፍቶ አይደለም፣ አናሳልፍም ስላሉ ነው።

መልስ (ከፒያሳ)
ኦምዱርማን ከሆኑ፣ ሰፈራቸው ተካያ እንዳለ ልጅቷን ጠይቃት። የሰፈር ወጣቶች የሚያቋቁሙት ነው፤ በትልልቅ ድስት ፉልና ምስር ይቀቅላሉ፣ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሰለፋል። ገንዘቡን ባንካክ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይቀበላሉ፣ ውጭ ያለው ዘመድም የሚልከው በሱ ነው። አሜሪካ ጥር 2017 እርዳታዋን ስታቆም ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተካያዎች ተዘጉ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለነዚህ ልጆች በቀጥታ የሚሰጥ መንግሥት ጥቂት ነው፣ ሰው ጋ የሚደርሱት ግን እነሱ ናቸው።

መልስ (ከአራት ኪሎ)
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ኤምሬትስ ለፈጥኖ ደራሹ መሣሪያ ታቀብላለች እየተባለች ትከሰሳለች፣ እሷ አላደረግኩም ትላለች። እርዳታ የሚሰጥ መንግሥት ሁሉ ይሄን ይጠየቅ። እኛም እንጠየቅ። በ77ቱ ረሃብ የኛን ሰው የተቀበለችው ሱዳን ናት፣ በ2013ም ከትግራይ ለሸሹት የኡም ራኩባን መጠለያ ጣቢያ ከፍታለች። ስለዚህ 15 ሚሊዮኑ ተለቆ እንደሆነና ምን እንደተገዛበት መንግሥታችን በግልጽ ይንገረን።