ክርክር፦ ማርሽ ሲቀነስ ራሱ ነዳጅ የሚሰጥ መኪና ለማጅን ያግዛል ወይስ ያሰንፋል?

የጥያቄው ባለቤት፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሾፌሮች። አንዳንድ ማንዋል መኪኖች ማርሽ ስትቀንሱ የሞተሩን ዙር ራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2009 370ዜድ ላይ ይዞት መጣ። በኋላ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርና ቶዮታ ኮሮላ ላይም ገባ። ለማጅ እንዲህ ባለ መኪና ቢሰለጥን ትደግፋላችሁ?

መካኒክ፣ ኮምቦልቻ፦
በጣም እደግፋለሁ። በ4ኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ነው እንበል። በዚያው ፍጥነት 3ኛ ስታስገባ 2,800 ገደማ ይፈልጋል። ፍሪሲዮኑን ዝም ብለህ ከለቀቅከው ልዩነቱን ጎማው በግድ ይሞላዋል። መኪናው ይንገጫገጫል፣ የፍሪሲዮን ሸራ ይበላል። ክረምት ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ሲረጥብ ደግሞ ጎማው ሊያንሸራትት ይችላል። ይሄኛው መኪና ማርሹ የት እንደገባ በሴንሰር ያነባል፣ ፍጥነቱን ያያል፣ ነዳጁን በኮምፒውተር ሰጥቶ ዙሩን ያደርስልሃል። ቀኝ እግርህ ፍሬኑን አይለቅም።

የጭነት መኪና ሾፌር፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሸራው ልክ ነህ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ሲንክሮ (ማርሹ ሲገባ ዙሩን የሚያመሳስል ክፍል) በሌለው ካምቢዮ የተማርን ሰዎች ሁለቴ ፍሪሲዮን ረግጠን፣ መሃል ላይ ነዳጅ ሰጥተን ነው ማርሽ የምንቀንሰው። ሞተሩን በጆሯችን እናውቀዋለን። ይህን ያልለመደ ልጅ ነገ የተጫነ አይሱዙ ቢሰጡት፣ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹ አልገባ ሊለው ይችላል። ፎሌ ላይ፣ ያለ ማርሽ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ያ ሁሉ ጭነት በፍሬን ብቻ ሊያዝ ነው። ፍሬን ደግሞ ከጋለ እምቢ ይላል።

ለማጅ፣ ደሴ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ኩርባ ላይ ፍሬን ልያዝ፣ ፍሪሲዮን ልርገጥ፣ ነዳጅ ልስጥ ስል መንገዱን ማየት እተዋለሁ። አንዱን ሥራ መኪናው ቢያቀልልኝ ዓይኔ ፊት ለፊት ይሆናል።

አሰልጣኝ፣ ደሴ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ዙሩን ያስተካክላል እንጂ ማርሹን አይመርጥም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ የምንወርደው ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2ኛ ነው ወይስ 3ኛ የሚይዝልኝ ብሎ መወሰን የሾፌሩ ፋንታ ነው። በ5ኛ ተንደርድሮ ለገባ ሰው ማርሹ ቢለሰልስለት ምን ይረባዋል?

መካኒክ፣ ኮምቦልቻ፦
እትዬ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን መሣሪያው እኮ ማጥፊያ አለው። መጀመሪያ ጠፍቶ ይልመድ፣ በኋላ ይብራለት።

የጭነት መኪና ሾፌር፣ ደሴ፦
ጠፍቶ ከሆነ አልቃወምም። ማጥፋቱን ማን ይቆጣጠራል ግን?

የጥያቄው ባለቤት፦
እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ክርክሩ ጊዜው አላለፈበትም?

አሰልጣኝ፣ ደሴ፦
አላለፈበትም። ሐረጎን የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ዛሬም ባለማርሽ ናቸው። ማጥፋቱን ማን ይቆጣጠራል ላሉት፣ ፈታኙ ይቆጣጠር። ፈተናው ሜዳ ላይ ብቻ አይቅር። ለማጁ እውነተኛ ቁልቁለት ላይ ይውጣ፣ ማርሹን ከአናቱ ሲመርጥ ይታይ።