ቡቺን እንደ ልጅ አሳድጌው አሁን ግራ ገባኝ

ሰላም እህት ወንድሞች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ቡቺ የ4 ዓመት ውሻዬ ነው። ልጅ እንቢ ባለን ጊዜ ነው ቡችላ ሆኖ የመጣው። አልጋችን ላይ ይተኛል፤ ስበላ አጎርሰው ነበር። እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ "ውሻ? ያውም አልጋ ላይ?" ብላ ብታዝንብኝም አልሰማኋትም።

ባለፈው ወር ድክም አለው፤ ድዱም ነጣ። የእንስሳት ሐኪሙ የሚበላውን ሲጠይቀኝ "ሽሮና ዶሮ ወጥ" አልኩት። ለካ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል! ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። በፍቅር የማጎርሰው ወጥ ሲመርዘው ኖሯል። ባለቅስ ባለቅስ አልወጣልኝም። አሁን አገግሟል፤ ጉርሻውም ቀርቷል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቡቺ ግን ባለቤቴ አጠገቤ ሲቀመጥ እንኳ ያጉረመርማል፤ ከመኝታ ቤት ካስወጣነው ሌሊቱን ሙሉ በሩን ሲቧጭር ያድራል። እናቴ "ለሰው ስጡት" ትላለች። እኔ አንጀቴ አልቻለም። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፤ የምፈራው ቅናቱን ነው።

ሕፃኑ ሳይመጣ ውጭ ማደርን እንዴት ላስለምደው? በአንዴ ወይስ ቀስ በቀስ? ውሻ እያላችሁ የታረሳችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ያደረጋችሁትን ንገሩኝ።