ለሐበሻ ልብስ ሱቅ ድረ ገጽ ያስፈልጋል ወይስ ቴሌግራም ይበቃል?

ጥያቄ፦ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ የጥለቱን ፎቶ በቴሌግራም እያዩ የሚያዝዙኝ ስለሆነ፣ ለድረ ገጽ ገንዘብ ማውጣት ይገባኛል ትላላችሁ?

መልስ፦ ገዢዎችዎ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ ቴሌግራምና ቴሌብር ይበቃሉ። ጥለቱን ክሩ እስኪለይ ቀርበው ያንሡት፤ ዋጋውንም ከሥሩ ይጻፉ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ገዢ ያሸሻል።

መልስ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በአገራችን ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው በቆዩበት ጊዜ፣ ዋሽንግተን ያሉ ደንበኞቼ እኔን የሚያገኙበት ሌላ አድራሻ ስላልነበራቸው ለፋሲካ የተሠራው ቀሚስ መደርደሪያ ላይ ቀረ። አንድ ገጽ ብቻ ቢሆንም ድረ ገጽ ያሠሩ፤ አድራሻው ግን በሠሪው ሳይሆን በእርስዎ ስም መመዝገቡን ያረጋግጡ።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የእኔም ገዢዎች ግማሾቹ ውጭ አገር ስለሆኑ በአንድ ገጽ እጀምራለሁ።